ከኮምቦልቻ ወደ ካንዲ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ለአራት ዓመታት ሠርቻለሁ። የክፍላችን ተቆጣጣሪ የነበረችው የስሪላንካ ተወላጅ ሙያውን ያስተማረችኝ፣ እናቴ ባረፈች ጊዜም ለቅሶ ደርሳኝ ድንኳን ውስጥ ከሰው ጋር የተቀመጠች፣ እንደ እህት የማያት ሴት ናት። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላም አልተጠፋፋንም፤ አሁን በመጪው ክረምት፣ ካንዲ በምትባለው የትውልድ ከተማዋ በሚከበረው ትልቅ በዓል ላይ እንድገኝ ጋብዛኛለች። ለጉዞው የሚሆን ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ካንዲ የነገሥታት ከተማ እንደነበረችና የቡድሃ ጥርስ እንደሚገኝባት ከመስማት በቀር የማውቀው የለም። ጥርሱን በዓይን ማየት ይቻላል? ምን ላይ ባተኩር ይሻለኛል? የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ እንደመሆኔ፣ የሌላ ሃይማኖት ቤተ መቅደስ ውስጥ መግባቴም ያሳስበኛል። ለጋባዤስ ምን ይዤላት ልሂድ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከጥርሱ ልጀምር፤ አያዩትም። ስሪ ዳላዳ ማሊጋዋ በሚባለው ቤተ መቅደስ የሚጠበቀው፣ የቡድሃ የግራ ክራንቻ እንደሆነ የሚታመነው ጥርስ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ በተከተቱ ሰባት ማኅደሮች ተሸፍኖ የሚኖር ሲሆን፣ በአገልግሎት ሰዓት የክፍሉ በር ሲከፈት ምእመኑም ሆነ እንግዳው የሚያየው፣ ደወል የሚመስለውንና በዕንቁ የተሸለመውን የውጭውን ማኅደር ብቻ ነው፤ እሱንም ራቅ ብሎ፣ ሰልፉ እየገፋው፣ ለጥቂት ቅጽበት ያህል ነው። ጥርሱ ራሱ ለሕዝብ የሚታየው ከስንት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ከ16 ዓመት በኋላ ለሕዝብ በታየ ጊዜ፣ ከመላው ደሴት የተመመው ሕዝብ የከተማዋን መንገዶች ሞልቷቸው ነበር።

የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣው ምእመን ግማደ መስቀሉን በዓይኔ ካላየሁ ብሎ አይሟገትም፤ በዚያ መቀመጡን አምኖ፣ ተራራውን በእግሩ ወጥቶ፣ ቆሞ ጸልዮ ይመለሳል። ሃይማኖቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ከተሸፈነ ነገር ፊት በአክብሮት የመቆም ልማድ ግን ለእርስዎ አዲስ ስላልሆነ፣ ይህንኑ ልማድዎን ይዘው ይሂዱ። በካንዲ በጥሞና ሊታይ ይገባል የምለው ዋናው ነገር፣ ሰዎቹ ለዚያ ለማይታየው ነገር በየዕለቱ የሚያቀርቡት አገልግሎት ነው።

አገልግሎቱ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእኛ አጠራር ከንጋቱ 11:30፣ ከጠዋቱ 3:30 እና ከምሽቱ 12:30 ገደማ ይካሄዳል። እኔ የደረስኩት ለምሽቱ ነበር። በበሩ አጠገብ አበባ ከሚሸጡት እናቶች ከአንዷ አንድ ሰማያዊ የውኃ አበባ ገዛሁና፣ ማንኛውም ሰው እንደሚያደርገው፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሴትየዋ ፈጠን ብላ እጄን ያዘችና ራሷን በመነቅነቅ ከለከለችኝ። ለመባ የሚቀርብ አበባ አስቀድሞ እንደማይሸተት የተረዳሁት በኋላ ነው፤ መዓዛው የሚቀርብለት እንጂ የአቅራቢው አይደለም። እናቴ ለመገበሪያ የለየችውን ስንዴ ከቤቱ እህል ጋር እንዳይደባለቅ ለብቻው ከፍ አድርጋ ታስቀምጥ የነበረው ትዝ አለኝና፣ ከሴትየዋ ጋር የጋራ ቋንቋ ባይኖረንም በደንብ የተግባባን መሰለኝ።

ውስጥ ስገባ በታችኛው ወለል ወገባቸውን በቀይ መቀነት ያሰሩ ከበሮ መቺዎች፣ በግራና በቀኝ የዝሆን ጥርስ ከቆመበት በር ፊት ለፊት ተሰልፈው ይመታሉ፤ ከከበሮው በላይ ከእንቢልታ የቀጠነ የመለከት ድምፅ ይወጣል። ላይኛው ፎቅ ላይ ነጭ የለበሱ አረጋውያን፣ ከትምህርት ቤት የመጡ ልጆችና ሕፃናት ያዘሉ እናቶች ወለሉ ላይ ተቀምጠው በሩ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ከእነርሱ መካከል ከሁሉ ይበልጥ ያስታወስኳት፣ አበባ በተከመረበት ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ የቆመች አንዲት ባልቴት ናት። ሌላው ሰው አበባውን አኑሮ ሲያልፍ፣ እሷ ሰው ያኖራቸውን አበቦች አንድ በአንድ እያነሳች ፊታቸውን ወደ በሩ ታዞራቸዋለች፤ ጠውልገው የተገኙትን ወደ ዳር ታሰልፋለች። አንድም የሚከፍላት ወይም የሚያዛት ሰው አልነበረም። በሩ ተከፍቶ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እንኳ ሥራዋን ሳታቋርጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ ተመለከተች። ቢቻልዎ ረቡዕ ጠዋትም ይሂዱ፤ በዚያ ቀን በመዓዛማ ዕፀዋትና በአበባ በተዘጋጀ ውኃ ጥርሱን በምሳሌ የማጠብ ሥርዓት ይፈጸማል፤ ውኃውም የመፈወስ ኃይል አለው ተብሎ ስለሚታመን፣ እኛ ጠበል ይዘን እንደምንመለሰው ለሕዝቡ ይታደላል።

የተጋበዙበት በዓል ኤሳላ ፔራሄራ ይባላል። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ በአብዛኛው ግን በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ ይውላል። ለተከታታይ ዐሥር ሌሊት ሰልፉ በየምሽቱ እየገዘፈ ይሄዳል። ሰልፉን የሚከፍቱት ጅራፍ አጩዋሪዎች ናቸው፤ ለቡሄ በኮምቦልቻ ዳገት ላይ ጅራፍ ሲጮህ ያደጉ ሰው እንደመሆንዎ፣ የመጀመሪያዋን ድምፅ ሲሰሙ ልብዎ ወደ አገርዎ መሄዱ አይቀርም። ከእነርሱ በኋላ የደረቀ ኮኮናት የሚነድባቸውን ችቦዎች የተሸከሙ ሰዎች፣ በእሳት የሚጫወቱ ወጣቶች፣ ራሳቸው ላይ ብርማ አክሊል የደፉ የካንዲ ተወዛዋዦች፣ ከእግር እስከ ኩምቢ በጥልፍ የተሸለሙ ዝሆኖች ይከተላሉ። የቤተ መቅደሱ ዋና ዝሆን የሚሸከመው የወርቅ ማኅደር ምሳሌ ነው፤ ጥርሱ ከስፍራው አይነሳም። ይህ ዝሆን በባዶ መሬት እንዳይረግጥ ወጣቶች ነጭ ጨርቅ ከፊቱ እያነጠፉ፣ ያለፈበትን እየጠቀለሉ እንደገና ወደ ፊት ይሮጣሉ። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ምንጣፍ እየጠቀለሉ የሚሮጡትን የሰፈራችንን ወጣቶች ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ሲመለከት ዓይኑን ማመን ያቅተዋል። ከዝሆኖቹ እግር ላይ ያለው ሰንሰለት ግን ቅር አሰኝቶኛል፤ በዚያው አገር ውስጥም ስለ እንስሶቹ አያያዝ የሚቆረቆሩ ሰዎች አሉ፤ እርስዎም ቢያዝኑ አይፈረድብዎትም።

ሕዝቡ ከእኩለ ቀን ጀምሮ የመንገድ ዳር ይይዛል፤ ለእንግዳ የሚሸጠው ወንበር ውድ ነው። ጋባዥዎ የከተማዋ ልጅ ስለሆነች ቦታውን ለእሷ ይተዉላት፤ ምንጣፍ፣ ውኃና ጃንጥላ ግን ይያዙ፤ በዚያ ከተማ ዝናብ ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

ስለ እምነትዎ ላነሱት ጥያቄ የመጨረሻውን ቃል ሊሰጡዎ የሚገባቸው የነፍስ አባትዎ ናቸውና ሳይሄዱ ያማክሯቸው። እኔ ልነግርዎ የምችለው በቤተ መቅደሱ ከእንግዳ የሚጠበቀውን ብቻ ነው። ጫማና ባርኔጣ ይወልቃል፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን፣ ቢቻል ነጭ ልብስ ይለበሳል፤ ነጠላዎን ይዘው ቢሄዱ ከዚያ የሚበልጥ የለም። እንዲሰግዱ ወይም አበባ እንዲያኖሩ የሚያስገድድዎ ማንም የለም፤ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ መቆም በቂ አክብሮት ነው። ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ፎቶግራፍ መነሳት ግን ከባድ ነውር ነው፤ ሲቀመጡም የእግርዎን መዳፍ ወደ ሐውልቱ አያቅኑ። በመግቢያው ቦርሳዎ ቢፈተሽ አይደንግጡ፤ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1998 በአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ቤተ መቅደሱ በፈንጂ በተሞላ የጭነት መኪና ጥቃት ደርሶበት ሰዎች ሞተዋል፣ ሕንፃውም ክፉኛ ተጎድቶ እንደገና ታድሷል። በዓሉ በጾመ ፍልሰታ ላይ ቢውልብዎ በምግብ አይቸገሩም፤ የአገሬው ዋና ምግብ ሩዝ ሲሆን፣ ከምስርና ከአትክልት የሚሠራው ወጥ በኮኮናት ወተት ስለሚበስል ጾመኛ ያለ ሥጋት ይበላዋል። ዓሣ የገባበትን ለይተው እንዲያወጡልዎ ብቻ አስቀድመው ይንገሩ።

ትርፍ ቀን ካገኙ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የፔራዴኒያ የዕፀዋት ሥፍራ ይሂዱ። ከሁሉ በላይ የምመክርዎ ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የኤምበኬን የእንጨት አዳራሽ ነው፤ በምሰሶዎቹ ላይ ተጋዳዮች፣ ሁለት ራስ ያለው ንስርና ልጇን የምታጠባ እናት በጠራቢ እጅ ተቀርጸዋል። ስለ ስጦታው መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ በደሴ የታሪክ መምህር ነኝ። የአንድ ሰው ጥርስ የንግሥና ምልክት እንዴት ሊሆን ቻለ? ካንዲስ ንጉሥ አልባ የሆነችው መቼና እንዴት ነው? የእኛው መቅደላ የደረሰበትን የሚመስል ነገር ደርሶባታል ሲባል ስለሰማሁ ነው። (ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ የልቤን ነው። በትውፊቱ መሠረት ጥርሱ ወደ ደሴቲቱ የገባው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ካሊንጋ ከሚባለው የሕንድ ግዛት ሄማማሊ የተባለች ልዕልት በፀጉሯ ሹሩባ ውስጥ ደብቃ አመጣችው። ከዚያ ወዲህ ጥርሱን የሚጠብቅ እሱ አገሩን የመግዛት መብት አለው የሚል እምነት ጸና፤ በዚህም ምክንያት መናገሻው በተዛወረ ቁጥር ጥርሱ አብሮ ይዛወር፣ ቤተ መቅደሱም ከቤተ መንግሥቱ ጎን ይሠራ ነበር። በካንዲ የመጀመሪያውን የጥርሱን ቤት ያሠራው እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1604 የነገሠው ቀዳማዊ ቪማላዳርማሱሪያ ነው። የአገሬው ሰው ከተማዋን ካንዲ ብሎ አይጠራትም፤ ማሃ ኑዋራ፣ ማለትም ታላቂቱ ከተማ ይላታል።

ፖርቱጋሎች፣ ከእነርሱም በኋላ ሆላንዶች፣ በመጨረሻም እንግሊዞች የባሕሩን ዳርቻ በየተራ ሲይዙ፣ ካንዲ በተራራና በደን ተከልላ ከ200 ዓመት በላይ ነፃነቷን ጠብቃለች። እ.ኤ.አ. በ1803 ከተማዋን የያዘው የእንግሊዝ ጦር ተደምስሷል። በ1815 የወደቀችው በዋናነት መሳፍንቷ በንጉሣቸው በስሪ ቪክራማ ራጃሲንሃ ላይ ስለተነሱ ነው። ንጉሡ የካቲት 18 ተማረከ፤ መጋቢት 2 ቀን እስከ ዛሬ በቆመው፣ በተቀረጹ የእንጨት ምሰሶዎች በተሠራው የዙፋን አዳራሽ ውስጥ ውሉ ተፈረመ። በውሉ እንግሊዞች የቡድሃን ሃይማኖት ለመጠበቅ ቃል ገብተዋል። ዛሬ ከቤተ መቅደሱ ፊት የሚታየውን ሐይቅ በ1807 ያስቆፈረው ይኸው የመጨረሻው ንጉሥ፣ ወደ ደቡብ ሕንድ ቬሎር ተግዞ በ1832 እዚያው ሞተ። ሕዝቡ በ1817 ሲያምፅ ጥርሱ በምስጢር ወጥቶ ከዐማፅያኑ ዘንድ ነበር፤ በ1818 እንግሊዞች እጅ ሲገባ፣ ብዙዎች አገዛዙ በእርግጥ ወደ እነርሱ እንዳለፈ አድርገው ተቀበሉት። የሠራዊት ድል ያላስገኘውን አንድ ማኅደር አስገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ መቅደላ እንመለስ። የካንዲ ነገሥታት ዙፋን፣ እ.ኤ.አ. በ1693 የሆላንድ ገዥ ለንጉሡ በስጦታ ያቀረበው፣ ከ1815 በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ተቀመጠ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሠዉ፣ ከጽላቱ፣ ከብራናውና ከዘውዱ ጋር ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁም በ18 ዓመቱ ሲያርፍ የተቀበረው በዚያው በዊንድዘር ነው። የካንዲ ዙፋንና ዘውድ እ.ኤ.አ. በ1934 ለባለቤቶቹ ተመልሰው፣ ዛሬ በኮሎምቦ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛሉ። የልዑሉ አፅም እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለም። እኔ በዚያ ሙዚየም ከዙፋኑ ፊት ስቆም፣ በእንግሊዝ ሥር እያለች እንኳ የተመለሰላት አገር ዕድል ቅናት ፈጥሮብኛል፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም። ከተማሪዎችዎ ጋር ስለ መቅደላ ሲነጋገሩ ይህን ምሳሌ ያንሱላቸው፤ መመለስ የማይቻል ነገር አለመሆኑን ያሳያል። ወደ ካንዲ የሚሄድ የወሎ ሰውም ባቡር ከመሳፈሩ በፊት በኮሎምቦ ግማሽ ቀን አሳልፎ ዙፋኑን ሊያየው ይገባል።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነጋዴ ነኝ። በሥራ ምክንያት ኮሎምቦ ስለምሄድ ካንዲንም ለማየት አስቤያለሁ። ሐላል ምግብና መስጊድ አገኛለሁ? ለእኛ ያላቸው ስሜትስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ ዐሥረኛ የሚጠጋው ሙስሊም ስለሆነ በካንዲ መስጊዱም ሐላል ምግብ ቤቱም በቅርብ ይገኛል። ታሪኩም ደግ ነው፤ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1626 ሙስሊሞችን ከባሕሩ ዳርቻ ሲያባርሩ፣ የካንዲው ንጉሥ ሴናራት ተቀብሎ በግዛቱ አስፍሯቸዋል። ሆላንዶች ካቶሊኮችን ባሳደዱ ጊዜም አባ ዮሴፍ ቫዝ የተባሉት ቄስ መጀመሪያ ቢታሰሩም፣ በኋላ በካንዲ በነፃነት አገልግለው በ1711 እዚያው አርፈዋል። ይሁንና ሳልነግርዎ የማላልፈው አለ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በካንዲ አውራጃ በሙስሊሞች ቤትና ሱቅ ላይ ጥቃት ደርሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። አንዱ ዘመድ ለጁምዓ፣ አንዱ ለቅዳሴ ከሚወጣበት ቤት ላደግን ሰዎች ይህ በጣም ያሳዝናል። ለጎብኚ የሚያሰጋ ሁኔታ አልገጠመኝም፤ እንደ ማንኛውም ጉዞ ግን ወቅታዊውን ሁኔታ አጣርተው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ወረቀት ያስፈልጋል? ከኮሎምቦስ በምን ይኬዳል? (ከደሴና ከኮምቦልቻ የተላኩ ሁለት ደብዳቤዎች)

መልስ፦ የጉዞ ፈቃዱ ከመነሳት በፊት በኢንተርኔት የሚጠየቅ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር የክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ ስላለበት ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት፤ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከኮሎምቦ እስከ ካንዲ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ባቡሩ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በበዓሉ ሰሞን የባቡር ትኬትና የመኝታ ቦታ ቀድሞ መያዝ ግድ ነው። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀን በየወሩ የሃይማኖት በዓል ስለሆነ ብዙ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፤ ጉዳይ ያላችሁ ቀኑን አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

ይህ የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1867 ካንዲ የደረሰው፣ ዛሬ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሻይ ለማመላለስ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የካንዲ ኮረብታዎች የቡና እርሻ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቡና ቅጠል ዋግ ገብቶ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ቡናውን ጨረሰው፤ ገበሬውም ሐዲዱ በተዘረጋበት በዚያው ዓመት ጄምስ ቴይለር የተባለ ሰው በሉልኮንዴራ ወደ ጀመረው የሻይ ተክል ዞረ። ስለዚህ፣ ውድ የኮምቦልቻዋ እህታችን፣ ለጋባዥዎ የሚወስዱት ስጦታ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ቡና ይውሰዱላት። ጥሬው በዕፀዋት ቁጥጥር ሊያዝብዎ ስለሚችል እዚሁ ቆልተውና ወቅጠው፣ አጥብቀው አሽገው ይያዙት። አንድ ጀበናና ጥቂት ሲኒ በልብስዎ መካከል ጠቅልለው ይጨምሩ፤ በፋብሪካው የዕረፍት ሰዓት ምናልባት አብራችሁ የጠጣችሁትን ቡና፣ በዚያ ቡናው በጠፋበት ኮረብታ ላይ፣ በእናቷ ቤት ደጃፍ ያፍሉላት። ሲሰጧትም በሁለት እጅዎ ይስጧት፤ በእነርሱም ዘንድ አክብሮት የሚገለጸው እንዲሁ ነው።